ከስላይዱ በፊት ጥያቄው ይቅደም

ዛሬ በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን ውስጥ አንድም የቡድን ገለጻ ሳያቀርብ የሚመረቅ ተማሪ ማግኘት አዳጋች ነው። መምህሩ ርእስ ያድላል፤ ተማሪዎች አምስት ስድስት እየሆኑ ይቧደናሉ፤ ቀኑ ሲደርስም ጽሑፍን፣ ድምፅንና ተንቀሳቃሽ ምስልን ያጣመረ ሥራቸውን በፕሮጀክተር ለክፍል ጓደኞቻቸው ያሳያሉ። መልቲሚዲያ የምንለው ይህ ነው። ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ፣ አሠራሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን ከዓላማው ርቆ እናገኘዋለን።

ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ሌላው ይተይባል፤ ሦስተኛዋ ቀለምና ሥዕል ትጨምራለች፤ እንግሊዝኛ የሚቀናው ያቀርባል፤ የቀሩት «ስማችንን አስገቡልን» ብለው ይሰናበታሉ። ከታዳሚው ጥያቄ ሲነሣ የቡድኑ አባላት ሁሉ ወደ አቅራቢው ይመለከታሉ፤ አቅራቢውም ፊቱን ወደ ስላይዱ ይመልሳል። ውጤቱ ግን ለሁሉም እኩል ይሰጣል። እኛ ይህን የቡድን ሥራ ለማለት እንቸገራለን። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እንደሚያውቀው፣ ድር ጎን ለጎን ስለተዘረጋ ብቻ ጨርቅ አይሆንም፤ ማጉ በመካከሉ ሊመላለስበት ይገባል።

ያማረ ስላይድ ያልተብላላ ሐሳብን ሊሸፍን እንደሚችል የሚያስተምር አሳዛኝ ታሪክ አለ። ጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም. የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ በተነሣች በ82ኛው ሴኮንድ ገደማ፣ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የፎም ቁራጭ ግራ ክንፏን መታ። መሐንዲሶች የጉዳቱን መጠን ገምተው ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። ከስላይዶቹ በአንዱ ላይ ርእሱ የሚያጽናና ይመስል ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ቁም ነገር የተጻፈው ግን ከግርጌ ነበር፦ ግምቱ የተመሠረተበት ሙከራ የተደረገው 3 ኪዩቢክ ኢንች በሚሆን ቁራጭ ሲሆን፣ ክንፉን መታ የተባለው ቁራጭ 1920 ኪዩቢክ ኢንች ነበር። ይህም 640 እጥፍ መሆኑ ነው። ጥር 24 ቀን መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ 7 ጠፈርተኞችም ሕይወታቸው አለፈ። እርግጥ መንኮራኩሯን ያጠፋት የክንፏ መሸንቆር እንጂ ስላይድ አይደለም። ሆኖም የአደጋው መርማሪ ቦርድ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ባወጣው ዘገባ፣ የኤድዋርድ ተፍቲን ትንተና ጠቅሶ፣ በቴክኒካዊ ጽሑፍ ፈንታ በስላይድ የመገናኘትን ልማድ ነቅፏል።

በክፍላችን ውስጥ እንዲህ ያለ አደጋ አይደርስም። ነገር ግን ያልገባውን ነገር በልበ ሙሉነት ማቅረብን የለመደ ተማሪ ነገ ድልድይ ይሠራል፤ መድኃኒት ያዝዛል፤ ልጆችን ያስተምራል። ነገሩን አቅልለን ማየት የማይገባንም ስለዚህ ነው።

እውነተኛ የቡድን ሥራ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ1648 ዓ.ም. ብሌዝ ፓስካል የአየር ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንስ እንደሆነ ለማረጋገጥ ፈለገ። የእህቱ ባል ፍሎሬን ፔሪዬ በፈረንሳይ ፑዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ባሮሜትር ይዞ ወጣ፤ አንድ መነኩሴ ደግሞ ከታች በከተማው ቆይቶ ሌላ ባሮሜትር ቀኑን ሙሉ ይከታተል ነበር። ከተራራው ጫፍ ላይ ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወረደ፤ የታችኛው ግን ባለበት ጸና። ያለ መነኩሴው ንባብ የፔሪዬ ንባብ ሙሉ ማስረጃ ባልሆነ ነበር። ሥራው ተከፋፈለ፤ ጥያቄው ግን የሁሉም ነበር።

ይህን ለመድገም ወደ ፈረንሳይ መሄድ አያሻም። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚያቀናው የጉለሌ ዳገት ይበቃናል። ስድስት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚገኙበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ደግሞ 3200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የውሃ መፍያ ሙቀት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ከ2 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ልዩነት እንጠብቃለን። ሦስት ተማሪዎች በሦስት ቦታ፣ በስድስት ኪሎ፣ በሽሮ ሜዳና በእንጦጦ፣ ከአንድ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ ያፍሉ። ሦስቱ ቴርሞሜትሮች ግን አስቀድመው በአንድ ድስት ውስጥ ገብተው ይመሳከሩ፤ ያለዚያ የመሣሪያው ስሕተት ከምንፈልገው ልዩነት ሊተካከል ይችላል። የሚገኙት ሦስት ነጥቦች በአንድ ግራፍ ላይ ሲሰፍሩ አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የለውም። ቪዲዮውም ሆነ ፎቶግራፉ የራሳቸው ሥራ ምስክር ይሆናል እንጂ ከሌላ ቦታ የተለቀመ ጌጥ አይሆንም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቡድኑ ኮምፒዩተር ከመክፈቱ በፊት የሚመልሰውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለመምህሩ ያሳይ። ሁለተኛ፣ በገለጻው ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር አባላቱ ራሳቸው የለኩት፣ ያሰሉት ወይም የሣሉት ይሁን። ሦስተኛ፣ አቅራቢው በዕለቱ በዕጣ ይለይ። ማን እንደሚቀርብ ካልታወቀ ሁሉም መዘጋጀት ግድ ይሆንበታል፤ የገባው ላልገባው ያስረዳል፤ ዝም ማለትን የለመደችውም ተማሪ የምትናገርበት ተራ ታገኛለች።

«ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፤ እያንዳንዱን መመዘን አይቻልም» የሚሉ ባልደረቦች አሉን። ችግሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዕጣ ለማውጣት ብጣሽ ወረቀት እንጂ ተጨማሪ ሰዓት አያስፈልግም። «ዐይናፋሩ በዕጣ ቢወጣ የቡድኑ ውጤት ይጎዳል» የሚሉ ተማሪዎችም ይኖራሉ። ለእነርሱ የምንመልሰው፣ ጓደኛቸውን አስቀድሞ ማለማመድ ራሱ የሥራው ዋና ክፍል መሆኑን ነው። መምህራንም ነጥቡን ስንሰጥ ከእንግሊዝኛው ቅልጥፍና ይልቅ የመልሱን ትክክለኛነት ልንመዝን ይገባል።

መብራት ድንገት ቢጠፋ ገለጻችሁን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ መቀጠል ትችላላችሁን? የሚቀጥለውን የቡድን ሥራችሁን ስትጀምሩ ይህን ጥያቄ እርስ በርሳችሁ እንድትጠያየቁ እንመክራለን።