ስለ መጠጥ ልክ

ልጆች ሆይ፥ በአሜሪካ አገር ብዙ ወጣቶች ከአባትና ከእናታቸው ቤት ወጥተው በኮሌጅ ግቢ ያድራሉ። በዚያ ማታ ማታ የሚቆጣቸው የለም፤ መጠጥ ግን አይጠፋም። የአገሩ ሕግ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ እንዳይሸጥለት ይከለክላል፤ ሆኖም ተማሪዎቹ ያገኙታል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 ዓመት ከሆነው ተማሪዎች 1,500 የሚያህሉ በመጠጥ ምክንያት በየዓመቱ እንደሚሞቱ ይገመታል። እያንዳንዱም የሚያለቅሱለት አባትና እናት አሉት።

ይህን ጕዳት ለመቀነስ አንዳንድ አዋቂዎች፥ ወንዶቹን ለብቻ ሴቶቹንም ለብቻ መምከር ይሻላል ይላሉ። እኔም ይህ ነገር መልካም ይመስለኛል። ምክንያቱን ስሙ። በትልቅ ድስትና በትንሽ ድስት ውኃ ሞልታችሁ በያንዳንዱ አንድ ጭብጥ ጨው ብትጨምሩ፥ ጨው የሚበዛበት የትንሹ ድስት ውኃ ነው። በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ብዙውን ጊዜ በወንድ ሰውነት ውስጥ ካለው ያንሳል። ስለዚህ እኩል ቢጠጡ አልኮሉ በሴቲቱ ደም ውስጥ ይበረታል። ሄንሪ ዌክስለር የሚባል የሀርቫርድ መምህር ከባልንጀሮቹ ጋራ ይህን አስተውሎ፥ በ1995 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ ለወንድ 5 መለኪያ በተከታታይ መጠጣት ከልክ ያለፈ ከሆነ ለሴት 4 መለኪያ ያው ነው ብሎ ጻፈ። ይህም ሴትን መናቅ አይደለም፤ የውኃ መለካት ነገር ነው እንጂ።

«ምክሩ አንድ ከሆነ መለየቱ ስለ ምን ነው?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ብዙ ወንድ አብዝቶ መጠጣትን እንደ ጀግንነት ይቈጥረዋል፤ «ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ እጠጣለሁ» ብሎ በሴቶች ፊት ለመናገር ያፍራል። ሴቶቹም በወንዶች ፊት የማይናገሩት ነገር አላቸው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሴቶቹን ብቻ ጠርቶ «ተጠንቀቁ» ብሎ መክሮ፥ አብዝተው የሚጠጡትን ወንዶች ዝም ብሎ መተው ነው። እንዲህ ያለው ምክር ፍርድን ያጓድላል።

በሎስ አንጀለስ ከተማ በሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጆሴፍ ላብሪ ከባልንጀሮቹ ጋራ በ2009 አንድ ምርመራ አሳተመ። ሴቶች ተማሪዎችን «ወንዶች ምን ያህል የምትጠጣ ሴት ይወዳሉ?» ብለው ጠየቁ፤ ወንዶቹንም ለብቻ ጠየቁ። ከሴቶቹ የሚበዙት ወንዶቹ ከተናገሩት አብልጠው ገመቱ። እንዲህ አብልጠው የገመቱትም ይበልጥ የሚጠጡ ሆነው ተገኙ። ወንዶቹ ግን ያን ያህል እንዲጠጡ አልፈለጉም ነበር።