ብርሃን ለመታጠቢያ ቤት፦ የመስታወት ወገኖች ማኒፌስቶ

አዲስ አበባ ገላቸውን ለመታጠብ በወረዱ ሰዎች የተቆረቆረች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራ፣ ከተማው ተከተለ። ዛሬ በዚችው ከተማ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ የተናቀው የትኛው ነው ቢባል መልሱ መታጠቢያ ቤት ነው። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ መስኮቱን ከተከፋፈሉ በኋላ የተረፈችው ጨለማ ጥግ ለእሱ ትሰጣለች። በቀትር መብራት ካልበራ አይገባበትም፤ መብራት ሲጠፋ ሞባይል ይዞ ነው። ሻወሩ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ አጠገብ ተሰክቷል፤ አንድ ሰው ታጥቦ ሲወጣ ወለሉ፣ መቀመጫው፣ ሶፍቱ ሳይቀር ርሷል። የላስቲክ መጋረጃው እግር ላይ ይለጠፋል፣ ጫፉ ይሻግታል።

እኛ ይህን አንቀበልም። ከመካከላችን አርክቴክት አለ፣ አልሙኒየምና መስታወት ሠራተኛ አለ፣ ሴራሚክ ለጣፊ አለ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷት ቁልፍ በተቀበለች ዕለት መታጠቢያ ቤቱን አይታ የተከዘች እናት አለች። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ መስታወት ወደ መታጠቢያ ቤት ይግባ፤ ሲገባ ግን በጨዋነት ይግባ።

ጨዋነት ያልነው በምክንያት ነው። በአንዳንድ ሆቴሎችና በእነሱ አምሳያ በተሠሩ አፓርታማዎች አልጋውን ከሻወሩ የሚለየው ጥርት ያለ መስታወት ሆኗል። እንቃወመዋለን። አማት ሳትጠራ በምትመጣበት፣ አክስት ለሕክምና ከክፍለ ሀገር መጥታ ወር በምትቀመጥበት ቤት የሚያሳይ መስታወት ጭንቀት ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ዓይን የማያሳልፍ መስታወት እያለ!

ምስክራችን ፓሪስ ውስጥ ያለ አንድ ቤት ነው። ባለቤቱ ዶክተር ዣን ዳልሳስ የማኅፀን ሐኪም ነበሩ፤ ክሊኒካቸውንና መኖሪያቸውን አንድ ላይ ማድረግ ፈለጉ። በቦታው የነበረው አሮጌ ቤት ሊፈርስ ሲል የላይኛው ፎቅ ተከራይ የነበሩ አሮጊት አልወጣም አሉ። ንድፍ አውጪዎቹ ፒየር ሻሮና በርናርድ ቤይፉት የአሮጊቷን ፎቅ በብረት ምሰሶ ደግፈው ከሥሩ አዲስ ቤት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ተጠናቀቀ። ፊቱ ከሞላ ጎደል በመስታወት ብሎክ የተሞላ ነው፤ ሴቶች ለምርመራ የሚመጡበት፣ ምስጢር ከሁሉ በላይ የሚጠበቅበት ቤት! ብርሃኑ ከግቢው እንደ ልቡ ይገባል፤ ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው ግን ከድብዝዝ ነጭ በቀር የሚለየው የለም። ለማኅፀን ሐኪም ክሊኒክ የበቃ ግድግዳ ለእኛ ሻወር ምን ያንሰዋል?

የመስታወት ነገር የፈረንጅ ነው የሚለን ካለ ወደ አፍሪካ አዳራሽ እንልከዋለን። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በዚያ ሕንፃ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለአህጉር ያን ያህል የሰጠች ከተማ ለአንድ ቤተሰብ ጥቂት ካሬ ሜትር አትንፈግ። ጀርመናዊው ደራሲ ፓውል ሼርባርት እ.ኤ.አ. በ1914 የመስታወት ሕንፃ የሰውን ባህል ሁሉ ይለውጣል ብሎ ጽፏል። እኛ እንኳ ያን ያህል አንመኝም፤ አራት ካሬ ሜትር ይበቃናል።

ግድግዳው ይቅደም። መታጠቢያ ቤቱን ከኮሪደሩ የሚለየው ግድግዳ ከሰው ቁመት በላይ ሁለት ረድፍ የመስታወት ብሎክ ይግባበት። ብሎኩ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሌላ ክብደት አይሸከምም፤ ከላዩ የኮንክሪት ድጋፍ ይፈልጋል። መሐንዲስ ሳይጠየቅ መዶሻ አይነሳ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ።

ቀጥሎ የሻወሩ መስታወት። በር አያስፈልገውም፤ የቆመ አንድ ገበታ ይበቃል። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን 45 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ጭነት ባዶ ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር የሚሰቅል ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፤ መያዣው የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ በኮንክሪት ይሞላ።

በቴምፐርድ መስታወት ጉዳይ አንደራደርም። ይህ መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ በኃይለኛ አየር በድንገት የቀዘቀዘ ነው፤ ከተራው አራት አምስት እጥፍ ይጠነክራል፣ ሲሰበርም ደቃቅ ፍርካሽ ይሆናል። የመስኮት መስታወት ሲሰበር ግን ቢላዋ ነው፤ ራቁቱን የቆመ ሰው አጠገብ ምን ሊሠራ? ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ልኩም ቀዳዳውም አስቀድሞ ይወሰናል። ማዕዘኑ ላይ የፋብሪካ ማኅተም ይፈለግ። ፖላራይዝድ መነጽር ያለው ሰው ደግሞ ፀሐይ ላይ አዘንብሎ ቢያየው ጥላ መሰል ነጠብጣቦች ይታዩታል፤ አየሩ የነፋበት ምልክት ናቸው። ሲገጠምም ጫፉ ባዶ ሴራሚክ አይንካ፤ ፊቱን ብትመታው የሚችለው መስታወት ማዕዘኑ ሴራሚክ ላይ አንዴ ሲያርፍ ሊፈርስ ይችላል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቅብጠት ነው የሚሉን አሉ። በባልዲና በጣሳ የሚታጠብ ሰው ከሻወር የበለጠ ይረጫል፤ መስታወቱ ለእሱም ነው። ውዱእ የሚያደርገው አባወራ፣ ሌሊት ተነስተው ጨለማውን እየዳሰሱ የሚገቡት አያት ደረቅ ወለል ይገባቸዋል። ሥራ ያበዛል የሚለው ክስ ግን እውነት አለው። ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጠብታ ይተዋል። ከታጠቡ በኋላ በላስቲክ መጥረጊያ አንድ ሁለቴ መሳብ ይበቃል፤ የከረመውን በውሃ የቀጠነ አቼቶ ያስለቅቀዋል (እብነ በረድ ላይ ግን እንዳይፈስ፣ ይበላዋል)። ይህም ለቤት ሠራተኛዋ የሚጨመር ሥራ አይደለም፤ የታጠበ ራሱ ይጥረግ።

አልሚዎች ሆይ፣ የሽያጭ ብሮሸራችሁ ላይ ስለ ጂሙና ስለ ሊፍቱ ትጽፋላችሁ። መታጠቢያ ቤቱ ብርሃን ከየት እንደሚያገኝም ጻፉ። ገዢዎች ሆይ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በቀትር ገብታችሁ መብራቱን አጥፉ፣ በሩን ዝጉ። የእጃችሁን ጣት መቁጠር ካቃታችሁ ዋጋ እንዲቀነስላችሁ ተከራከሩ፤ ከፈለጋችሁ አንዳችን አብሮአችሁ ይሄዳል።