ላፕቶፕ እስኪገዛ ልጆቹ ለምን ይጠብቁ?



የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ ስላስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና በእትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ሐርጌሳ ሆኜ አነበብኩ። ሥራው ይበል የሚያሰኝ ነው። ቅር ያሰኘኝ ወሬው ሁሉ ኢንተርኔት፣ ላፕቶፕና ሰርተፍኬት መሆኑ ነው። የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ሲያነብ «አቅም ላለው ነው» ብሎ ገጹን ይገለብጣል። በስደት ሠርተን የምናድር ወላጆችማ ገና ርዕሱን ስናይ ነው ተስፋ የምንቆርጠው።

እኔ ግን ማሽኑ ቢዘገይም ትምህርቱ ይጀመር እላለሁ። ሐርጌሳ ውስጥ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት እንኳ ሒሳቧን በዛድ ትቀበላለች። ዛድ ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው የስልክ ገንዘብ ሲሆን፣ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም ይሠራል። ዳቦ በዛድ ግዛ ተብሎ የሚላክ ልጅ ትእዛዝ በቅደም ተከተል እንደሚሰጥ፣ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ገንዘቡ ሌላ ሰው ዘንድ እንደሚገባ ያውቃል። የፕሮግራም ሀሁ ይኸው ነው።

የኒውዚላንዱ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያለ ኮምፒዩተር የሚሰጥ ትምህርት ካዘጋጁ ቆይተዋል። እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር ሞክሬዋለሁ። ከብስኩት ካርቶን አምስት ካርድ ቆርጠን 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ሣልንባቸው። ከዚያ «11ን አሳዩኝ» ማለት ነው። 8፣ 2 እና 1 ይገለጣሉ፣ የቀሩት ይደፋሉ፤ የተገለጠው 1፣ የተደፋው 0 ተብሎ ሲጻፍ 01011 ይሆናል። ኮምፒዩተርም ቁጥር የሚይዘው እንዲሁ ነው። ልጆቹ ወዲያው ዕድሜያቸውን በካርድ ማሳየት ያዙ፤ የእኔን ሲጠይቁ ግን ካርዱ አልበቃም።

«መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይልመዱ» የሚሉ አሉ። ስክራች የተባለው የልጆች ፕሮግራም በአማርኛም ይሠራል፤ በነጻ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለአራት ልጅ ይበቃል።

«ዘግይተው የጀመሩ የት ይደርሳሉ?» ለሚል ደግሞ፣ ከሐርጌሳ ወጣ ብሎ ያለው የአባርሶ ትምህርት ቤት መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፍቶ ካስተማራቸው አንዱ ሙባረክ መሐሙድ በልጅነቱ ከብት ጠባቂ ነበር፤ ኋላ አሜሪካ ኤምአይቲ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምህንድስናና ኮምፒዩተር ሳይንስ ተማረ። በእርግጥ አባርሶ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚቀበለውም ጥቂት መርጦ ነው። የቀሩት ልጆች የሚጠብቁት እኛን ነው።

ስለዚህ አዘጋጁን አንድ ነገር እለምናለሁ። በየእትሙ ከመስቀለኛ ቃላቱ አጠገብ ለልጆች የሚሆን አንድ የካርድ ወይም የትእዛዝ ቅደም ተከተል ጥያቄ በአማርኛ አውጡልን፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች አዘጋጅቶ ለመላክ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐርጌሳ