ከጋላባት ማዶና ማዶ፦ አንድ ስም፣ ሁለት ሥልጣን

በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ በኩል የገባው ሕዝብ ብዙ ነው። አብሮት የመጣ ወረቀትም አለ፤ የኒካህ ሰነድ፣ የጦላቅ ውሳኔ፣ የሚራስ ማስረጃ። ከጋላባት ወዲያ ያለው መህከማ ውስጥ የሚፈርደው ቃዲ ነው፤ እኛም ዘንድ ቃዲ አለ። ስማቸው ቢመሳሰልም ሥልጣናቸው ግን የተለያየ ነው።

ሱዳን የሙስሊሞችን ጋብቻና ውርስ የምትዳኘው በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ ነው። ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ተከሳሹን «በሸሪዓ ልዳኝህ ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም። እኛ ጋ የግድ ይጠየቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ብቻ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው።

የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992 የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ብሎ በሦስት እርከን አደራጅቷል። ኒካህ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ወቅፍ፣ ሂባና ውርስ ይመለከታሉ፤ የክርክሩ አካሄድ ግን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው። (መተማ ያለ ሰው የሚሄደው ወደ ክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው፤ የፈቃድ ጥያቄው ግን እዚያም ይከተለዋል።)

የምንፈራው ዝምታን ነው። በፌዴራሉ አዋጅ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። ቀርቦ «አልስማማም» ካለ ግን መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት «ሽማግሌዎቹ ይጨርሱታል» ብላ መጥሪያውን ቤት ብታስቀምጠው ሳታውቀው መርጣለች ማለት ነው። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተከራካሪዎች እየተቃወሙ የተሰጠን የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ውሳኔ ሽሯል። ያ የሆነው ግን ሰዎቹ ቀርበው ስለተቃወሙ ነው።

ከገዳሪፍ ወይም ከካርቱም የመጣ ውሳኔስ? ቃዲያችን አይቶ በማጽደቁ ብቻ አይፈጸምም። የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም ማመልከቻው የሚቀርበው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ሱዳንም የእኛን ፍርድ የምታስፈጽም መሆኗ፣ ተከሳሹ የመከላከል ዕድል ማግኘቱና ውሳኔው የመጨረሻ መሆኑ ይመረመራል። ከጦርነት ሸሽታ የመጣች እህት ውሳኔው ይግባኝ እንዳልተባለበት የሚመሰክር ማኅተም ዛሬ ከካርቱም በማን በኩል ታስመጣለች? ይህን ጥያቄ የክልሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤትና የስደተኞች ጉዳይ ኃላፊዎች አብረው ሊቀመጡበት ይገባል።