ከበሮውን ለልጆቹ እናውጣው



እንደሚታወቀው በፍኖተ ሰላም ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጌም ቤት ጎራ ማለትን ልማድ አድርገዋል። በየስብሰባውም «ይዘጋልን» የሚል የወላጆች አቤቱታ ይነሳል። እኛ በዚህ አንስማማም። በትምህርት ሰዓት ልጅ እንዳይገባ መከልከል ተገቢ ነው፤ መዝጋቱ ግን ልጁን ወዴት ይወስደዋል? ይልቅስ ምን እንደሳበው እንይ።

ሰሞኑን ልጆቹ በስልክ እየተቀባበሉ የሚያዩት አንድ የጃፓን ጨዋታ አለ። ታይኮ ኖ ታትሱጂን ይባላል፤ «የከበሮ ሊቅ» እንደማለት ነው። ናምኮ የተባለው ኩባንያ በ1993 ዓ.ም. ለመጫወቻ አዳራሾች ያወጣው ሲሆን፣ ታይኮ የጃፓኖች የጥንት ከበሮ ነው። ማሽኑ ፊት ለሁለት ሰው የሚሆን ሁለት ከበሮ ተተክሏል። ዘፈኑ ሲጀምር በስክሪኑ ላይ ክብ ምልክቶች ከቀኝ ወደ ግራ ይጎርፋሉ። ቀዩ ሲደርስ የከበሮውን ፊት፣ ሰማያዊው ሲደርስ ጠርዙን በዱላ መምታት ነው፤ ተለቅ ያለው ሲመጣ ደግሞ በሁለቱም ዱላ። ብዙ የቀደመ ወይም የዘገየ ነጥብ አያገኝም።

መቼም ጎጃሜ ይህን አይቶ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ጃፓኖቹ የአያቶቻቸውን ከበሮ አውጥተው ለልጆቻቸው ሰጡ፤ ምን አጠፉ?

ሆኖም ማሽኑ የልጁን ምት ይቆጥራል እንጂ ልጁን አይሰማውም። ዘፈኑ አስቀድሞ ተቀድቶ ያለቀ ነው፤ ቢደክመው አይጠብቀውም፣ ቢሞቀው አይከተለውም። ሰርግ ቤት ግን ከበሮ መቺዋ ዓይኗ አውራጇ ላይ ነው፤ ተቀባዩ ሲቀዘቅዝ ታሞቃለች፣ እስክስታው ሲግል ታፈጥናለች። በማኅሌትም መረግዱ ረጋ ይላል፣ ጽፋቱ ይፈጥናል፤ ይህን የሚያሳይ ስክሪን የለም፣ የሚሄዱት ተደማምጠው ነው።

ታዲያ ይህን ለልጆቻችን ማን ያሳያቸው? የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ የማኅሌት ነው፤ መጫወቻ አይደለም፣ በዚያ ላይ ክርክር የለንም። የማኅበራችን የሰርግ ከበሮ ግን ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ይኖራል። ልጆቹ ጀሪካን የሚደልቁት ከበሮ ጠፍቶ አይደለም፤ ቁልፉ እኛ ኪስ ስለሆነ ነው። «ይቀዱታል» የሚሉ አሉ። የዋንዛው ግንድ ደህና ነው፤ ጠባቡ አፉ ግን ተቀዷል፣ ጠፍሩም ላልቷል። የተቀደደው እኮ ልጅ መትቶት ሳይሆን አይጥ በልቶት ነው!

ስለዚህ ኮሚቴው ቆዳውን እንዲያስለብስ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላም ዕቃ ቤቱ እንዲከፈት እንጠይቃለን። ከቡሬም ከየገጠሩም መጥተው በመካከላችን የሚኖሩ፣ ስንቱን ሰርግ ያሞቁ እናቶች አሉ፤ ሁለት ሦስቱ ተራ ቢገቡ ይበቃል። ሴት ልጆችም ለእንቁጣጣሽ ብቻ አይጠሩ።

የጥገናው ወጪ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል። ጠፍር ማጥበቅ የምትችሉ ከዚያ በፊት ለዕቃ ቤት ኃላፊው ንገሩ።