ከፊት እግር የሚመጣው ድምፅ

በኮሎምበስ የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል አስፋልቱ ይፈነዳል። ቀን የቀለጠው በረዶ ውኃ ሆኖ በስንጥቁ ይገባል፤ ሌሊት ተመልሶ ይረጋና ያብጣል፤ በማግሥቱ የሚያልፈው ከባድ መኪና የላላውን አስፋልት ፈንቅሎ ይጥለዋል። በክሊቭላንድ አቬኑ፣ በሞርስ ሮድ ወይም በ161 መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ጉድጓዶቹን እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸዋል። ድምፁም የሚጀምረው በዚሁ ሰሞን ነው። ከፊት በቀኝ በኩል «ቋ!» ይላል። ባለመኪናው በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል።

ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ በጋዜጣ ባልተጻፈ። ይሁን እንጂ በዚህ ከተማ የሚኖረው ወገን አብዛኛው እንጀራውን የሚበላው በመኪናው ነው። በሪከንባከር አየር ማረፊያና በግሮቭፖርት ዙሪያ ባሉት መጋዘኖች የሌሊት ፈረቃ የሚገባው፣ ገና ሳይነጋ አረጋውያንን ለመንከባከብ የምትወጣው እናት፣ ታክሲና ኡበር የሚነዳው ሁሉ ያለ መኪና ሥራ የለውም። አውቶቡሱ እነዚህን ሰዓቶችና እነዚህን ቦታዎች ሁሉ አያዳርስም። ስለዚህ አዲስ ገቢው ወንድም ገና የመንጃ ፈቃዱ ሳይደርቅ አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ፣ ሁለት መቶ ሺህ ማይል የሄደች ካምሪ ወይም አኮርድ ይገዛል። ካምሪና አኮርድ መምረጡ ስሕተት የለበትም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ አኮርድን ከዚሁ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ በሜሪስቪል መሥራት ከጀመረ ወዲህ ዕቃውም መካኒኩም እዚህ ሞልቷል። የእነዚህ መኪናዎች ሞተር ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ ትዕግሥት በላይ ይኖራል። ቀድሞ የሚያረጀው እግራቸው ነው።

አገር ቤት መኪና የነዳ ሰው ቦሎን ያስታውሳል። ምርመራው ሁልጊዜ እንደ ስሙ ነበር ብሎ የሚምል የለም፤ ቢያንስ ግን በዓመት አንድ ጊዜ መኪናውን የሚያይ ሌላ ዓይን ነበረ። በኦሃዮ ያ ዓይን የለም። የቤት መኪና በየዓመቱ ለደኅንነት ምርመራ እንዲቀርብ የሚያስገድድ የግዛት ሕግ የለም። በክሊቭላንድና በአክረን ዙሪያ በሰባት ካውንቲዎች ያለው ምርመራ የጭስ ብቻ ነው፤ ኮሎምበስን አይነካም። ሰሌዳውን ለማደስ ገንዘቡ ከተከፈለ ተለጣፊው ይሰጣል፤ የፊት ጎማው በምን እንደተያዘ የሚጠይቅ የለም። ብዙ ሰው ግን መንግሥት መንገድ ላይ እንዲወጣ ከፈቀደለት መኪናው ደኅና ነው ብሎ ያስባል።

ለመሆኑ ጎማው የተያዘው በምንድን ነው? በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪናዎች የፊት እግር ማለት ስትረት የሚባለው፣ አሞርዛተሩና ሞላው በአንድ ላይ የተሠሩበት ምሰሶ ነው፤ አሠራሩ ከነደፈው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከማክፈርሰን ስሙን ወስዷል። ከታች ኮንትሮል አርም የሚባለው ብረት ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ያያይዘዋል፤ በአንድ ጫፉ የጎማ ቦኮላዎች አሉት፣ በሌላው ጫፍ ቦል ጆይንት። ቦል ጆይንት ማለት እንደ ሰው የጭን አጥንት ራስ፣ ክብ ብረት በጽዋው ውስጥ የሚዞርበት መጋጠሚያ ነው። ግራስ ተሞልቶ በጎማ ሽፋን ይታሸጋል። ሽፋኑ ሲቀደድ ውኃና ለበረዶ ማቅለጫ የሚበተነው ጨው ይገባል፤ ግራሱ ይታጠባል፤ ብረት ብረትን ይበላል። መጀመሪያ ይንቀጫቀጫል፣ ከዚያ ይላላል፣ በመጨረሻ ከጽዋው ይወጣል። የወጣ ቀን ጎማው በጎኑ ይተኛል፤ መኪናው በፊቱ ይወድቃል፤ መሪ የሚባል ነገር የለም። በመኪና ማቆሚያ ሲዞሩ ቢሆን ዕድል ነው። በ270 ቀለበት መንገድ ላይ ቢሆን ልጆቹ ኋላ ተቀምጠው ነው።

እውነት ነው፣ ድምፅ ሁሉ ይህን አያመለክትም። ብዙ ጊዜ ያ «ቋ ቋ» የሚመጣው ስዌይ ባር ሊንክ ከሚባል፣ ዋጋው ከዕቃዎቹ ሁሉ ከሚያንስ ቀጭን ዘንግ ነው። አደገኛው ነገር ርካሹና ገዳዩ ድምፅ ከሹፌሩ ወንበር ሲሰሙ መመሳሰላቸው ነው። «የእኔም እንዲሁ ይል ነበር፣ ምንም አልሆነም» የሚለው የጓደኛ ምክር ስለዚህ ዋጋ የለውም። ልዩነቱ የሚታወቀው መኪናው ሲነሣ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋውም ነገር አለ። ኢትዮጵያዊ የጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን የወረሰው ነው። ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሪክ፤ ሶማሌ ተራ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ መኪና የነዳ፣ ላዳውን በገዛ እጁ ፈትቶ የገጠመ ሰው ኮሎምበስ ጋራዥ ቆጣሪ ፊት ሲቆም ድንገት ዲዳ ይሆናል። ቦኮላው እንዳለቀ ያውቃል፤ «ቡሺንግ» እንደሚባል ግን አያውቅም። «ከፊት ይጮኻል» ብቻ ይልና የተጻፈለትን ሂሳብ ይፈርማል፤ ወይም ደግሞ አፍሮ ይመለሳል። እንግሊዝኛ ስላልሞላለት ዕውቀቱ እንደሌለ ተቆጥሮበት የሚከፍለው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ድምፁ ከታወቀ በኋላ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ኪስ ይጎዳሉ። አንደኛው በቁርጥራጭ መጠገን ነው። ዛሬ የቀኙ ሊንክ፣ በወሩ የግራው፣ በበጋ አንድ ስትረት፣ ለገና ኮንትሮል አርም። በየጊዜው የሰው ጉልበት ዋጋ ይከፈላል፤ ያው ብሎን አራት ጊዜ ይፈታል። ሁለተኛው «ይህቺ መኪና አበቃላት» ብሎ ሽጦ፣ በከፍተኛ ወለድ የሚያበድር ሻጭ ዘንድ ሄዶ ሌላ አሮጌ መኪና መውሰድ ነው። ያቺም እግሯ ያው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ዕዳም አላት። ሞተሯና ካምቢዮዋ ደኅና የሆነች፣ አካሏ በዝገት ያልተበላ መኪና ከሆነች የሚያዋጣው የፊት እግሯን ባንድ ጊዜ በሁለቱም በኩል ማደስ ነው፤ ስትረቱን፣ ኮንትሮል አርሙን ከነቦኮላውና ከነቦል ጆይንቱ፣ ሊንኩን፣ የላላ ከሆነም የመሪውን ዘንግ ጫፍ። የአሞርዛተር አምራቾች ራሳቸው ዕቃቸው በ50,000 ማይል እንዲመረመር ይመክራሉ፤ በ180,000 ማይል የመጀመሪያውን አሞርዛተር ይዞ የሚሄድ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ በጎማ እየከፈለ ነው። ጎማው ላይ እጅ ሲያስሱ ወጣ ገባ እያለ ከሄደ አሞርዛተሩን፣ በውስጥ በኩል ብቻ ተላጭቶ ከተገኘ የጎማውን አቀማመጥ መጠርጠር ነው።

ዝገቱ ግን መታየት አለበት። ኮንትሮል አርሙ የሚታሰርበት የመኪናው አካል ራሱ በጨው ተበልቶ ከሆነ አዲስ ዕቃ የበሰበሰ እንጨት ላይ ሚስማር እንደ መምታት ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና ማሰናበት እንጂ ማደስ አያስፈልግም።

ሥራውን በራሱ የሚሠራ ሰው ካለ ይመስገን። ታላላቅ የዕቃ መደብሮች የቦል ጆይንት መጭመቂያና መሰል መሣሪያዎችን ገንዘብ አስይዘው ያውሳሉ፤ ሲመለስ ገንዘቡ ይመለሳል። የካምሪ የታች ቦል ጆይንት በብሎንና በዳዶ የታሰረ ስለሆነ ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም። ከ2013 በፊት የተሠሩት አኮርዶች ግን ከላይም ከታችም ክንድ ያላቸው ናቸው፤ የታቹ ቦል ጆይንት ተጭኖ የተሰካ ነውና ያለ መጭመቂያ በመዶሻ እየደበደቡ መታገል ዕቃውን ማበላሸት ነው። ሞላውን ከስትረቱ ለይቶ መቀየር ለሠለጠነ ሰው ይተው፤ የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። ሞላውና አሞርዛተሩ ተገጥሞ የሚሸጠውን ሙሉ ስትረት መግዛት ትንሽ ቢወደድም ይሻላል። የቦኮላዎቹ ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ቦኮላው ተጠማዝዞ ይቀርና ሳይቆይ ይቀደዳል። ይህን ብዙ ጋራዥም ይረሳዋል። ከሁሉም በኋላ አላይመንት አለ። ይህን ያህል አውጥቶ አላይመንቱን የሚዘል ሰው አዲስ ጎማውን መንገድ ላይ እየፈገፈገ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደማይወደደው ነገር። በዚህ ከተማ ከአዲስ ገቢዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ መኪናቸውን የሚገዙት ከወገን ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በምግብ ቤት፣ በስልክ ይነገራል፤ «ንጹሕ መኪና ናት፣ ሴት ልጅ የነዳቻት ናት» ይባላል። ሻጩ ድምፁን ስድስት ወር ሲሰማው ኖሯል። ለዚያም ነው የሚሸጣት። ገዢው «ጋሼ ካሉት እንግዲህ» ብሎ ያመነውን ሰው መካኒክ ጋ እንውሰዳት ማለት ነውር ይመስለዋል። ኖተሪ ፊት ይፈረማል፤ ታይትሉ ላይ ማይሉ ይጻፋል፣ ዋጋው ይጻፋል፤ ስለ ቦል ጆይንቱ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

«ገበያ ነው፤ ዓይኑን ገልጦ ይግዛ» የሚሉ አሉ። ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሆን ምናልባት። ነገር ግን ሻጩ ዋጋውን ያስወደደውና ገዢውን ያገኘው በወገንነት ነው። በወገንነት የመጣን ገንዘብ ተቀብሎ በባዕድነት መሸኘት እንዴት ይሆናል? ሻጩ ጉድለቱን ተናግሮ ዋጋውን ቢቀንስ የሚጎድልበት ጥቂት ነው፤ ገዢው ሳያውቅ ቢሄድ የሚጎድለው ምን እንደሆነ ከላይ ተነግሯል። «እኔም አላውቅም ነበር» የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ ያላወቀ ሰው ሬዲዮ ከፍ አያደርግም።

ከጨረታ እያመጡ በግቢያቸው የሚሸጡ ወንድሞችም አሉ። በኦሃዮ ሕግ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከአምስት መኪና በላይ የሚሸጥ ሰው የነጋዴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በፌዴራሉ ደንብም ከአምስት በላይ የሚሸጥ ነጋዴ ነውና እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን የገዢዎች መመሪያ የተባለውን ወረቀት መስኮቱ ላይ መለጠፍ አለበት። ወረቀቱ መኪናው ዋስትና እንዳለው ወይም «እንዳለ» የሚሸጥ መሆኑን ይናገራል፤ ገዢው በራሱ መካኒክ ማስመርመር ይችል እንደሆነ እንዲጠይቅም ይመክራል። ጀርባውን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። እዚያ በአሮጌ መኪና ላይ የሚገኙ ዋና ዋና ጉድለቶች ተዘርዝረዋል፤ በእግሩ ክፍል ሥር የቦል ጆይንት ሽፋን መቀደድ፣ የሞላ መሰበር፣ የቦኮላ ማለቅ፣ የአሞርዛተር ማፍሰስ አንድ በአንድ ተጽፈዋል። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱ በስፓኒሽ እንዲሆን ደንቡ ያዛል። ስለ አማርኛ ግን የሚለው ነገር የለም።

በዚህ ከተማ በጋራዥ የሚሠሩ፣ የራሳቸው ጋራዥ ያላቸውም ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። የኮሚኒቲው መሪዎች ለበዓል አዳራሽ ለመከራየት የሚደክሙትን ያህል ባይሆንም፣ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጉድጓዱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ እነዚህን ሰዎች በአንድ የመኪና ማቆሚያ ቢያሰባስቡ ብዙ ነገር ይታያል። ክሪክና መደገፊያ፣ የእጅ መብራትና መፈልቀቂያ ብረት ይበቃል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ፤ የቦል ጆይንቱን ሽፋን ማየት። ክሪኩ የሚገባበት ቦታ እንደ መኪናው ዓይነት ስለሚለያይ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ጥገና አይደረግ፤ ጥገና ከተጀመረ የኃላፊነት ጣጣ ይመጣል። አይቶ በወረቀት ላይ የዕቃውን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ መስጠት ብቻ፤ ባለመኪናው ያንን ወረቀት ይዞ የፈለገው ጋራዥ ይሂድ። ገንዘቡ ለከበደውም ዕቁብ አለ። ለመኪና መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ዕቁብ የሚወጣለት ሰው ለፊት እግር ማደሻ ተራ ቢለዋወጥ የሚከለክለው የለም።

ያ የመመሪያ ወረቀት ደግሞ ፊትና ጀርባ አንድ ገጽ ነው። ተርጉሞ፣ የጋራዡን የጣሊያንኛ ስሞች በጎን አስገብቶ፣ ይህ ጋዜጣ በሚቀመጥበት መደርደሪያ አጠገብ ለመለጠፍ ሁለት ሰውና አንድ ምሽት ይበቃል።