የመጫኛ ዲስክ በየስንት ጊዜው ይታደስ?

ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያሰናዱ ወገኖች የመጫኛ ዲስክ የሚያወጡበት ጊዜ የተለያየ ነው። አርች ሊኑክስ በየወሩ፣ ዴቢያን የተረጋጋውን ዕትም በየሁለት ወሩ ገደማ፣ ኡቡንቱ ደግሞ የረጅም ጊዜ ዕትሙን በየስድስት ወሩ ገደማ እያደሱ ያቀርባሉ።

ፈጣን መስመር ላለው ተጠቃሚ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ዲስኩ ቢያረጅም የጎደለውን ጥገና ከኢንተርኔት ያወርዳል። በምዕራብ ሐረርጌዋ ገለምሶ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ወይም ትምህርት ቤት ግን ጉዳዩ የገንዘብ ነው። በአሥር ኮምፒዩተሮች ላይ የተጫነ የቆየ ዕትም ያንኑ ጥገና አሥር ጊዜ ያስወርዳል። እስኪወርድም የታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች ሳይደፈኑ ይቆያሉ።

በየወሩ ማደስም ቢሆን ሸክም አለው። የኡቡንቱ 24.04 የዴስክቶፕ መጫኛ ፋይል ብቻ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ቀደም ሲል በነፃ በፖስታ ይላክ የነበረው የኡቡንቱ ሲዲም እ.ኤ.አ. በ2011 ቀርቷል።

ከዚህ አንፃር የዴቢያን የሁለት ወር አካሄድ ለእንዲህ ዓይነት ከተሞች ይበልጥ የሚስማማ ነው። መጫኛው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአማርኛም መቅረቡ መልካም ነው። ሆኖም አነስተኛው ቅጂ አብዛኛውን ክፍል በጭነት ወቅት ከኢንተርኔት ስለሚስብ ቁጠባው ለይምሰል ነው። ሙሉው ቅጂ ግን አንድ ሰው ከጭሮ ወይም ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዞት ቢመለስ በከተማው ላሉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይበቃል።